የትምህርት ቤት የኢንተርኔት ማጣሪያ ምን ይዘጋል? ሳያስበውስ ምን ይዘጋል?

«ይህ ገጽ በትምህርት ቤቱ ኔትወርክ አይፈቀድም።» በትምህርት ቤት ዋይፋይ የሚጠቀም ተማሪ ይህን መልእክት በደንብ ያውቀዋል። አንዳንዴ የሚመጣው መምጣት ባለበት ቦታ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ለባዮሎጂ የቤት ሥራ ስለ ጡት ካንሰር ሲፈልግ ድንገት ፊቱ ላይ ብቅ ይላል። ወላጅ «ለምን ሁሉንም አይዘጉትም?» ይላል። ተማሪው «ለምን ሁሉንም ዘጉት?» ይላል። መምህሩ ደግሞ ማታ ቤቱ ያዘጋጀው ቪዲዮ ጠዋት ክፍል ውስጥ አልከፈት ብሎት ይናደዳል።

ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሶፍትዌር ነው። አሠራሩ ከገባን «ይኑር ወይስ አይኑር» የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም። ትልቁ ጥያቄ ምን ያህል ይጥበቅ፣ ሲሳሳትስ ማን ይክፈተው የሚለው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ማጣሪያው ምንድን ነው? የትስ ይቀመጣል?

የኢንተርኔት ማጣሪያ፣ አንድ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ገጽ እንዲከፈትለት ሲጠይቅ ጥያቄውን መሃል ላይ ይዞ «ይለፍ» ወይም «ይቁም» የሚል ሶፍትዌር ነው።

የሚቀመጥበት ቦታ ይለያያል። አንዱ የትምህርት ቤቱ ኔትወርክ መውጫ ላይ ነው። በግቢው ዋይፋይ የተገናኘ ሁሉ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ሁሉንም ከአንድ ቦታ መቆጣጠር ይቻላል። ተማሪው ከግቢ ሲወጣ ግን ማጣሪያው አብሮት አይወጣም። ሌላው ቦታ መሣሪያው ራሱ ነው። ትምህርት ቤቱ ለተማሪው ላፕቶፕ ወይም ታብሌት ከሰጠ፣ ማጣሪያው እዚያው ላይ ተጭኖ ቤት ድረስ ይከተለዋል። ይህኛው የራሱ ጣጣ ስላለው ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ማጣራት ማለት መዝጋት ነው። ክትትል ማለት ደግሞ ማየትና መመዝገብ ነው፦ ተማሪው ምን ፈለገ፣ ምን ጻፈ፣ በስንት ሰዓት። ብዙ ኩባንያዎች ሁለቱን በአንድ ላይ ይሸጣሉ። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ማጣሪያ ገዛን» ሲል የገዛው ማጣሪያ ብቻ ላይሆን ይችላል።

## ክፉውን ከደጉ በምን ይለያል?

ብዙ ሰው ሶፍትዌሩ ገጹን አንብቦ የሚፈርድ ይመስለዋል። አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ግን ዝርዝር ነው። ማጣሪያውን የሚሸጠው ኩባንያ ሚሊዮኖች ድረ ገጾችን አስቀድሞ በየምድቡ ይከፍላቸዋል፤ ፖርኖግራፊ፣ ቁማር፣ የጦር መሣሪያ፣ ጌም፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ዜና፣ ጤና እያለ። የትምህርት ቤቱ አይቲ ባለሙያ የሚያደርገው የትኛው ምድብ ይዘጋ፣ የትኛው ይከፈት ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ገጹ የትኛው ምድብ ውስጥ እንደሚገባ የወሰነው እሱ አይደለም። ኩባንያው ነው፤ በአብዛኛውም የኩባንያው ማሽን።

በየቀኑ አዲስ ድረ ገጽ ስለሚወጣ ዝርዝሩ መቼም አይሞላም። ታዲያ ገና ያልተመደበ ገጽ ሲመጣ ምን ይደረግ? ይለፍ ከተባለ፣ ትናንት የተከፈተ የቁማር ሳይት ያልፋል። ይቁም ከተባለ፣ የአንዲት ትንሽ ሙዚየም ገጽ አብሮ ይዘጋል። ሁለቱንም የሚያድን ምርጫ የለም።

ሁለተኛው ዘዴ ቃል ማደን ነው። በጥቁር መዝገብ ላይ ያለ ቃል ከተገኘ ገጹ ይዘጋል። የዚህ ዘዴ ቂልነት የታየው ገና በጠዋቱ ነው። በ1996 ስከንቶርፕ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖሩ ሰዎች ኤኦኤል በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት አካውንት መክፈት አቃታቸው። የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፊደሎቹ መሃል አንድ ጸያፍ ቃል ይወጣል። ማሽኑ ያየው ቃሉን ነው እንጂ ከተማዋን አይደለም። የኮምፒውተር ሰዎች እንዲህ ያለውን ስህተት እስከ ዛሬ «የስከንቶርፕ ችግር» ይሉታል።

የአሁኖቹ ማጣሪያዎች ከዚህ የተሻሉ ናቸው። ቃሉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውንም ያያሉ፣ ምስልም ለመለየት ይሞክራሉ። ሆኖም ስለ አንድ ክፉ ነገር የሚያስተምር ገጽና ክፉውን ነገር ራሱን የያዘ ገጽ ብዙ ቃል ይጋራሉ። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ጉዳት የተጻፈ ጽሑፍ የዕፆቹን ስም ሳይጠራ ሊጻፍ አይችልም።

እንደ ዩቲዩብና ጉግል ያሉት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ውስጣቸው ሁሉም ነገር አለ። መዝጋት ትምህርቱን መዝጋት ነው፣ መክፈት ሁሉንም መክፈት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የነዚህን ድርጅቶች የራሳቸውን ማጣሪያ አስገድደው ያበራሉ፤ በጉግል «ሴፍ ሰርች»፣ በዩቲዩብ «ሪስትሪክትድ ሞድ» የሚባሉትን።

## የተመሰጠረ ገጽ ውስጥ እንዴት ያያል?

አሁን አብዛኛው ድረ ገጽ አድራሻው ላይ «ኤችቲቲፒኤስ» የሚል አለው። በተማሪውና በድረ ገጹ መካከል የሚመላለሰው ሁሉ የተመሰጠረ ነው ማለት ነው። እንደታሸገ ፖስታ አስቡት። አድራሻው ከላይ ይነበባል፣ ደብዳቤው አይነበብም። ኔትወርኩ ላይ የተቀመጠው ማጣሪያ ተማሪው ወደ ዊኪፒዲያ መሄዱን ያያል። የትኛውን ጽሑፍ እንደከፈተ ግን አያይም። ስለዚህ ምርጫው ሁለት ነው፤ ዊኪፒዲያን በሙሉ መዝጋት ወይም በሙሉ መተው።

ከዚህ በላይ ማየት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ፖስታውን መክፈት አለበት። ይህም ይቻላል። በተማሪዎቹ መሣሪያ ላይ ትምህርት ቤቱ ያዘጋጀው ሰርተፊኬት፣ ማለትም ብሮውዘሩ ማንን ማመን እንዳለበት የሚነግር ዲጂታል መታወቂያ፣ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ብሮውዘሩ ማጣሪያውን ያምነዋል። ማጣሪያው የሚመጣውን ይፈታል፣ ያነባል፣ መልሶ አሽጎ ይልካል። ተማሪው ምንም ለውጥ አያይም።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ሙሉ ድረ ገጽ ከመዝጋት ይልቅ አንዷን ገጽ ብቻ መዝጋት ይቻላል። ጉዳቱም ግልጽ ነው። ፓስወርዱም፣ የግል መልእክቱም፣ መምህሩ በእረፍት ሰዓት የከፈተው የባንክ ገጽም በማጣሪያው ውስጥ ተገልጦ ያልፋል። ጠንቃቃ የሆነ ባለሙያ የባንክና የሕክምና ገጾች ሳይፈቱ እንዲያልፉ ያደርጋል። ሁሉም ጠንቃቃ ነው ማለት ግን አይቻልም። በተጨማሪም ይህ ዘዴ ተማሪው በራሱ ስልክ ላይ ሰርተፊኬቱን ካልጫነ አይሠራም።

ነገሩ እየከበደ የሚሄድም ይመስላል። አድራሻውን ራሱን የሚሸፍኑ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች እየተስፋፉ ነው። ይህም ማጣሪያው ከኔትወርኩ ወጥቶ ወደ ተማሪው ላፕቶፕ እንዲገባ ይገፋፋል።

## ታዲያ ትምህርት ቤቶች ለምን ይገዙታል?

በአንዳንድ አገሮች ሕግ ስለሚጠይቅ። በጣም የታወቀው የአሜሪካ ሕግ ነው። በ2000 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ፣ «ኢ ሬት» በሚባለው ፕሮግራም የኢንተርኔት ቅናሽ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ማጣሪያ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ቅናሹን ካልፈለጉ ግዴታው የለም። ግን ቅናሹን የሚተው ትምህርት ቤት ብዙ አይደለም።

ሕጉ እንዲዘጋ የሚያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ጸያፍ ምስል፣ ሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ምስል፣ ለልጆች ጎጂ የሆነ ምስል። በቃ። ጌም ዝጉ አይልም፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ዝጉ አይልም። እንዲያውም የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ማኅበራዊ ሚዲያ በራሱ «ለልጆች ጎጂ» ተብሎ እንደማይፈረጅ ገልጿል። በ2008 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ትምህርት ቤቶቹ ተማሪዎችን ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀምና ስለ ኦንላይን ጥቃት እንዲያስተምሩ አዟል። ስለዚህ «ሕጉ ነው ያስገደደን» ሲባል ብዙ ጊዜ ከሕጉ በላይ የተዘጋ ነገር አለ። በእንግሊዝም መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ማጣሪያና ክትትል እንዲኖራቸው ይጠይቃል። በዚያው መመሪያ ውስጥ ግን ከልክ ያለፈ መዝጋት ትምህርትን እንዳያደናቅፍ ያስጠነቅቃል።

ሕጉን ብንተወው እንኳን ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ትልቁ ጥቅም ሳይፈልጉ ከሚያጋጥም ነገር መጠበቅ ነው። የ8 ዓመት ልጅ የድረ ገጽ ስም ሲጽፍ አንድ ፊደል ይስታል፣ ወይም የማያውቀውን ማስታወቂያ ይነካል። የሚከፈተው ገጽ ዓይኑ ማየት የሌለበት ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ ከሁሉ በላይ የሚሳካለት እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ለማለፍ እየታገለ አይደለምና። ለትንንሾቹ ክፍሎች ማጣሪያ ያስፈልጋል ወይ ብሎ መከራከር ለእኔ ጊዜ ማባከን ነው።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ጥቅም ደኅንነት ነው። ያው ሶፍትዌር ቫይረስ የሚያሰራጩና ፓስወርድ የሚሰርቁ ገጾችን ይዘጋል። ከዚህ ሌላ ሠላሳ ልጅ በአንዴ ቪዲዮ ሲከፍት ኢንተርኔቱ ለማንም እንዳይደርስ የሚሆነውን ያስቀራል። የተማሪ ሐሳብ መበታተንም አለ፤ እሱ ግን ከሶፍትዌር ይልቅ የመምህሩ ሥራ ይመስለኛል።

## በጣም ቢጠብቅ ምን ይጎዳል?

ስለዚህ ከተጻፉት ሁሉ ልብ ውስጥ የሚቀሩት የ2002 ቁጥሮች ናቸው። ካይዘር ፋሚሊ ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በትምህርት ቤቶችና በቤተ መጻሕፍት የሚሠራባቸውን ማጣሪያዎች በሦስት የጥብቀት ደረጃ አስፈተሸ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ማጣሪያው ፖርኖግራፊን ምን ያህል ይይዛል? አብሮስ የጤና መረጃን ምን ያህል ይዘጋል?

በጣም በላላው ደረጃ 87 በመቶውን ፖርኖግራፊ ያዘ፣ ከጤና ገጾች 1.4 በመቶውን ዘጋ። በመካከለኛው 90 በመቶ ያዘ፣ 5 በመቶ ዘጋ። በጣም በጠበቀው ደግሞ 91 በመቶ ያዘ፣ ከጤና ገጾች ግን 24 በመቶውን ዘጋ።

እነዚህን ቁጥሮች ደግማችሁ እዩአቸው። ማጣሪያውን ከላላው ወደ ጠበቀው ማድረስ ያተረፈው 4 በመቶ ነጥብ ነው። ያሳጣው ደግሞ ከአራት የጤና ገጾች አንዱን ነው ማለት ይቻላል። ሶፍትዌሮቹ ከዚያ ወዲህ ተለውጠዋል፤ ቁጥሮቹን እንዳለ ለዛሬ መውሰድ አይቻልም። ምክንያቱ ግን አልተለወጠም። የታወቁት የወሲብ ድረ ገጾች በመጀመሪያው ደረጃ ተይዘዋል። የቀሩት ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ ናቸው፤ ማጥበቅ አያገኛቸውም። ማጥበቅ የሚያደርገው ተጨማሪ ምድቦችን መዝጋት ነው። አጥብቄ ልጠብቃቸው ብሎ ምልክት ያበዛ ባለሙያ የጨመረው ጥበቃ ትንሽ ነው፣ የዘጋው እውቀት ግን ብዙ ነው።

ጉዳቱም እኩል አይደርስም። ስልክና ዳታ ያለው ተማሪ ትምህርት ቤት የተዘጋበትን በኪሱ ይከፍታል። ኢንተርኔት የሚያገኘው ትምህርት ቤት ብቻ የሆነ ተማሪ ግን ሌላ በር የለውም። ማጣሪያው ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። የሚዘጉበት ጉዳዮች ደግሞ ብዙ ጊዜ አፍ አውጥቶ ለመጠየቅ የሚያሳፍሩት ናቸው፤ ስለ ሰውነቱ ለውጥ፣ ስለ ድብርት፣ ቤት ውስጥ ስለሚደርስበት ጥቃት።

## ተማሪዎች አያልፉትም እንዴ?

ያልፉታል። ቪፒኤን (የኢንተርኔት ጉዞን መስጥሮ በሌላ ኩባንያ በኩል የሚያሳልፍ ሶፍትዌር) ይጭናሉ፣ ፕሮክሲ ሳይት (የተዘጋውን ገጽ በራሱ በኩል አምጥቶ የሚያሳይ ድረ ገጽ) ይፈልጋሉ፣ የጓደኛ ሆትስፖት ይጠቀማሉ። አንዱ ያገኘው መንገድ በእረፍት ሰዓት ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ትምህርት ቤቱ ይዘጋዋል፣ በሳምንቱ ሌላ ይገኛል።

እዚህ ላይ የሚረሳ አደጋ አለ። ነፃ ቪፒኤን የሚጠቀም ልጅ የኢንተርኔት ጉዞውን በሙሉ ለማያውቀው ኩባንያ አሳልፎ ይሰጣል። ጌም ለመክፈት ብሎ ከማጣሪያው ሲሸሽ ደኅንነቱንም አብሮ ያወልቃል። ከልክ በላይ የጠበቀ ማጣሪያ ልጆቹን ወደዚህ ይገፋል።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ጥናትም ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው። ያጠኑት የትምህርት ቤት ሳይሆን የቤት ማጣሪያ ነው። ታዳጊዎች ወሲባዊ ምስል ማየት አለማየታቸው ማጣሪያ ከመኖሩ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ደካማ ሆኖ አገኙት። አንድ ታዳጊን ለመጠበቅ ከ17 እስከ 77 ቤቶች ማጣሪያ ማስገባት ያስፈልጋል ብለው አስልተዋል።

ከዚህ ጎን አንድ የቆየ የእንግሊዝ ሪፖርት አለ። ኦፍስቴድ የተባለው የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ በ2010 ባወጣው ሪፖርት 35 ትምህርት ቤቶችን አይቷል። አንዳንዶቹ ሁሉን ጥርቅም አድርገው የዘጉ ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ የተወሰነውን ብቻ ዘግተው በቀረው ላይ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲጠነቀቁ የሚያስተምሩ ነበሩ። በኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ የተሻለ የሚያውቁት የሁለተኞቹ ተማሪዎች ሆነው ተገኙ። ነገሩ አይገርምም። ክፉ ገጽ አጋጥሞት የማያውቅ ልጅ ሲያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ የሚማርበት ዕድል የለውም።

## መዘጋቱ ይሁን፤ መታየቱስ?

ክትትል ከመዝጋት የከበደ ጥያቄ ነው። ደጋፊዎቹ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ልጅ ምልክት ሲያሳይ ቶሎ መድረስ ይቻላል ይላሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ስርዓቱ የሐዘን ግጥም የጻፈችን ተማሪም «አደጋ» ብሎ ሊጠቁም ይችላል። እየታየ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ጥያቄውን ሳይጽፍ ይተወዋል።

ላፕቶፑ ቤት ሲገባ የሚመጣው ጣጣ ይኸው ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቫንያ የሚገኘው የሎወር ሜሪዮን የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ለተማሪዎች ላፕቶፕ አድሎ ነበር። ላፕቶፖቹ ቢሰረቁ ለማግኘት ተብሎ የተጫነው ሶፍትዌር፣ ተማሪዎቹ ቤታቸው እያሉ በካሜራው ፎቶ ያነሳ፣ የስክሪናቸውንም ምስል ይወስድ ነበር። ነገሩ በ2010 በክስ ወጣ። የተሰበሰበው ምስል ከ50,000 በላይ ነበር። አስተዳደሩ በዚያው ዓመት 610,000 ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩን ዘጋ። ሶፍትዌሩ ማጣሪያ አልነበረም። ለአንድ ዓላማ የተጫነ ሶፍትዌር ለሌላ ሲውል ግን ማንም ቶሎ እንደማያውቅ አሳይቷል።

## ወላጅ ወይም መምህር ምን ብሎ ይጠይቅ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው የክፍል ጉዳይ ነው። ለአንደኛ ክፍልና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዓይነት ሴቲንግ ነው ያለው? ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ያለ ጥርጥር እየተበደለ ነው። ዘመናዊዎቹ ሶፍትዌሮች በክፍል ለይተው ማጣራት ይችላሉ፤ የሚቀረው ሰው ቁጭ ብሎ ማስተካከሉ ነው።

ቀጥሎ፣ በስህተት የተዘጋን ገጽ ማን ይከፍታል? በስንት ጊዜ? ይህ የአስተዳደር ዝርዝር ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ያንን የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ በቤተ መጻሕፍት ጉዳይ 6 ለ 3 ሲያጸድቅ ከተመለከታቸው ነገሮች አንዱ፣ አዋቂ ሰው ገጹ ይከፈትልኝ ብሎ በቀላሉ መጠየቅ መቻሉ ነበር። መምህር ዛሬ ጠይቆ ከሳምንት በኋላ የሚከፈትለት ከሆነ ትምህርቱ አልፏል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ራሳቸው ለጊዜው እንዲከፍቱ ፈቃድ ይሰጣሉ። ተማሪም ስሙን ሳይናገር «ይህ ገጽ ያለ አግባብ ተዘግቷል» የሚልበት መንገድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ የተዘጋበት ጉዳይ የሚያሳፍር ከሆነ በስሙ አይጠይቅምና።

ከዚያ ፖስታው ይከፈታል ወይ የሚለው ይመጣል። የተመሰጠረውን የሚፈታ ከሆነ የባንክና የሕክምና ገጾች ተለይተዋል? ላፕቶፑ ቤት ሲሄድ ማጣሪያው ብቻ ነው የሚከተለው ወይስ ክትትሉም? ከትምህርት ሰዓት በኋላስ ይቆማል? የልጁ የፍለጋ መዝገብ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል፣ ልጁ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ይጠፋል ወይ? ትምህርት ቤቱ መልሱን ካላወቀ ሶፍትዌሩን የሸጠለትን ኩባንያ ጠይቆ በጽሑፍ ይስጣችሁ።